አጭር ቡድን ማርሽ ሲቀይር

ወንጪ ሐይቅ ድረስ ወርዶ በእግሩ የተመለሰ የሸገር ልጅ ነገሩ ይገባዋል፡፡ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ትንፋሽ አጥሮህ ስትቆም፣ ትከሻህ ጋር እንኳ የማይደርስ የአገሬው ልጅ እያወራ ያልፍሃል፡፡ እኔ ያኔ ትዝ ያለኝ ቅርጫት ኳስ ነው፡፡ ስንቱ ጎበዝ "አንተ አጭር ነህ፣ ይቅርብህ" ተብሎ ከሜዳ ተመልሷል!

ታሪኩ ወደኋላ ይሄዳል፡፡ ድሮ ረጅም ሰው የሌለው ቡድን መላው ኳስ ይዞ መተኛት ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1950 ፎርት ዌይን ፒስተንስ ኳስ እየደበቀ፣ ግዙፉን ጆርጅ ማይካንን የያዘውን ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ 18 ረታ፡፡ በ1954 ኤንቢኤ "በ24 ሰከንድ ውስጥ ወርውር" የሚል ሕግ አወጣ፡፡ መተኛት ቀረ፡፡

ታዲያ አጭሩ ምን ይሻለዋል? የሰዓቱን ሌላኛውን ጫፍ ያዘ፡፡ ረጅም ሰው የሚያስፈራው ቅርጫቱ ሥር ደርሶ ሲቆም ነው፡፡ ገና እየሮጠ ሳለ ኳሱ ከቀደመው፣ ቁመቱ ምንም አይፈይድለትም፡፡ ከሩቅ ሦስት ነጥብ የሚያገቡ ልጆች ካሉ ደግሞ ከቅርጫቱ ሥር ለቆ ለመውጣት ይገደዳል፡፡

ማስረጃ? በ2021 የተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ፡፡ የጃፓን ሴቶች 1 ሜትር ከ93 የምትረዝመው ራሙ ቶካሺኪ በጉዳት ቀርታባቸው፣ ከአጫጭሮቹ ቡድኖች አንዱ ሆነው ገቡ፡፡ አሰልጣኛቸው ቶም ሆቫስ ሩጫንና ሦስት ነጥብን አስያዟቸው፡፡ በግማሽ ፍጻሜው ፈረንሳይን 87 ለ 71 ሲያሸንፉ፣ 1 ሜትር ከ62 የሆነችው ሩይ ማቺዳ 18 ኳሶችን ለግብ አቀብላ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረች፡፡

እውነቱን እንነጋገር ካልን ፍጥነት ሁሉን አይፈታም፡፡ በፍጻሜው ብሪትኒ ግራይነር ብቻዋን 30 ነጥብ አስቆጠረችባቸው፤ አሜሪካም 90 ለ 75 አሸነፈች፡፡ ጃፓን ግን በቅርጫት ኳስ የመጀመሪያዋን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ፣ ያውም ብር፣ ይዛ ወጣች፡፡

ይህን ትምህርት እኛ ቶኪዮ ድረስ ሄደን መቅሰም ነበረብን እንዴ? በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ በ10,000 ሜትር ፊንላንዶቹን ያደከሟቸው እየተፈራረቁ ፍጥነት በመቀያየር ነበር፡፡ አንደኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ወጡ፡፡ ያ አጭሩ ምሩጽ "ማርሽ ቀያሪው" የተባለው በከንቱ አይደለም፡፡ ሁሌ በአንድ ፍጥነት የሚሮጥን ሰው ተጋጣሚው ይለምደዋል፡፡ መቼ እንደሚፈተለክ የማይታወቅ ሰው ግን እንቅልፍ ይነሳል፡፡

ዋጋው ቀላል አይደለም፡፡ የሚያፈራርቁት ተቀያሪ፣ የማያልቅ ትንፋሽ፣ በሩጫ መሐል የማይበላሽ ቅብብል ይጠይቃል፡፡ ትንፋሹስ ወንጪ ዳገት ላይ፣ አምቦም ላይ ሞልቷል፡፡ የቀረው አሰልጣኙ ልጁን በሜትር ከመለካቱ በፊት አንዴ አስሩጦ ቢያየው ነው!