የሰውነትን ሚዛን የመመለስ ሙያ፤ ታሪኩና የዛሪማ ጥያቄ

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በጽኑ ስትሮክ ተመትተው አንደበታቸውና ሰውነታቸው ከታሰረ በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በሕመም መኖራቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ሐኪም አላጡም፤ በስትሮክ የጠፋውን የሰውነት ሚዛን መልሶ የማስተማር ሙያ ግን በዚያን ዘመን በአውሮፓም ቢሆን ገና አልተስፋፋም ነበር።

ከዚያም ወዲህ ለረዥም ጊዜ የተለመደው ሕክምና የታመመውን ጎን ትቶ ጤነኛውን ማበርታት ነበር። ሕመምተኛው ምርኩዝ ይዞ ክብደቱን ሁሉ በደኅናው እግሩ ላይ ይጥላል፤ የታመመው ጎን ግን መሸከምን ይረሳል። ከጀርመን ተሰድደው በለንደን የሠሩት በርታ ቦባት እ.ኤ.አ. በ1943 በስትሮክ የተመታ አንድ ሠዓሊ ሲያክሙ ይህን ልማድ ትተው፣ የታመመው ጎን ራሱ እንዲሠራ ማድረግ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 የአውስትራሊያ ባለሙያዎች ጃኔት ካርና ሮበርታ ሼፐርድ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ልምምድ ከኑሮ ተግባር እንዳይለይ አስተማሩ፤ ይኸውም ሰው መነሣትን የሚማረው በመነሣት፣ መራመድንም በመራመድ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ካትሪን በርግና ባልደረቦቻቸው በካናዳ በመጀመሪያ ለአረጋውያን ያዘጋጁት የሚዛን መለኪያ ወጣ። ተግባሮቹ 14፣ ሙሉ ነጥቡም 56 ሲሆን፣ የሚጠይቀው ወንበር፣ ዝቅተኛ መርገጫ፣ ማስመሪያና ሰዓት ብቻ ነው።

በአገራችን አካልን የማደስ ሥራ ቀድሞ የታወቀው በስትሮክ ሳይሆን በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ለዚህ ምስክር ነው። በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በበኩሉ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሪያን ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር በመላክ፣ ባለሙያው ሕዝቡ ወዳለበት ይሂድ የሚለውን መርሕ አጸና። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በዚያው በጎንደር የተጀመረው የፊዚዮቴራፒ ትምህርት የዚህን መርሕ አደራ ተረከበ።

አደራው የሚፈተነው እንደ ዛሪማ ባሉ ስፍራዎች ነው። ዛሪማ ከደባርቅ ደጋ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው የሚያገኟት የቆላ ከተማ ናት። በስትሮክ የተመታ ነዋሪዋ ወደ ጎንደር ለመድረስ ያንኑ ገደል ወጥቶ፣ ደባርቅንና ዳባትን አልፎ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል። ለአንድ ቀን ምርመራ ይህ ይቻል ይሆናል፤ ሚዛን ግን በአንድ ቀን አይመለስም፤ ለሳምንታትና ለወራት የሚደጋገም ልምምድ ይሻል። ከዚህም በላይ በሆስፒታል ልሙጥ ወለል ላይ መራመድ የተማረ እግር፣ በዳገትና በድንጋያማ መሬት ላይ እንደገና መማር አለበት።

ስለሆነም ከሙያው ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ለዛሪማ መልስ አለው። በመደብ ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ወደ ታመመው ጎን እጅን ዘርግቶ ዕቃ ማንሣት፣ መጀመሪያ ከፍ ካለ መደብ ኋላም ዝቅ ካለ ዱካ መነሣት፣ በግድግዳ አጠገብ ክብደትን ከእግር ወደ እግር ማዛወር፣ በመጨረሻም ደፍ መሻገር፤ እነዚህ ሁሉ በቤት የሚሠሩ ናቸው። ቤተሰቡ ግን በየትኛው ጎን ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ መቼም ረዳት እጁን እንደሚያነሣ ሊማር ይገባዋል፤ መውደቅ አጥንት ይሰብራልና፣ የመውደቅ ፍርሃትም ሰውን አልጋ ላይ ያስቀራልና። ይህን ማስተማር፣ በየጊዜው መለካትና ልምምዱን ማሻሻል የባለሙያው ድርሻ ነው። ለዚህም በየጤና ጣቢያው ያሉትን ነርሶችና የጤና መኮንኖች ማሠልጠንና በየጊዜው ወርዶ መጎብኘት፣ ማኅበራችን በዓመት ዕቅዱ ሊያስገባው የሚገባ ተግባር ነው።