ከስልቻ እስከ ላስቲክ፦ የቡና ማሸጊያ በመተማ መንገድ

የዛሬው ጥያቄዬ የቡና ማሸጊያ አገልግሎቱን ከጨረሰ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚል ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው በመተማ ገበያ በኩል ወደ ሱዳን ያሻግሩ ነበር። የዘመኑ መያዣ ስልቻና አቅማዳ ነበር፤ ሲቀደድ ይሰፋል፣ ዓመታት ያገለግላል፣ በመጨረሻም አፈር ይሆናል።

ዛሬ ለአንድ ስኒ ብቻ ከሚታሸገው ቡና ብዙዎች የሚበሰብሰውን ከላስቲኩ ያስበልጣሉ። እኔ ግን ፍርዱ በቁሱ ብቻ አይሰጥም እላለሁ። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው ፖሊላክቲክ አሲድ በሚገባ የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት በሚጠበቅበት የኮምፖስት ማምረቻ ነው፤ ሜዳ ላይ ከተጣለ እንደ ላስቲኩ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

አዋጅ ቁጥር 513/1999 የሚበሰብስ መሆን አለመሆኑን የሚገልጽ ምልክት የሌለው የፕላስቲክ ከረጢት ለገበያ እንዳይቀርብ ከልክሎ ነበር። ምልክት ግን የማበስበሻ ስፍራን አይተካም። ማበስበሻ በሌለበት የጠረፍ ከተማ ሁለቱም ማሸጊያዎች የሚያርፉት አንድ ቦይ ውስጥ ነው።

የስልቻው ትልቁ ብልጫ መበስበሱ ሳይሆን ተመላልሶ ማገልገሉ ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ ማሸጊያዎች አንዱን ከመምረጣችን በፊት፣ ታጥቦ ዳግም የሚቀርበውን ስኒ በንጽጽሩ ውስጥ እናስገባ።