ራስን ለሰው እጅ መስጠት

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሺሺንዳ ሹሩባ እሠራለሁ። ወጣት ደንበኞቼ ስልካቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ደጋግመው የሚከፍቱትም ኤኤስኤምአር የሚሉትን ቪዲዮ ነው። አንዲት ሴት ታንሾካሹካለች፣ ብሩሽ ማይክሮፎኑን ይዳብሳል፣ ማበጠሪያ በፀጉር መሀል ያልፋል። አናት ላይ የሚጀምር ውርር የሚያደርግ ስሜት በማጅራት ወደ ጀርባ ይወርዳል፤ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል።

ስሙን በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣችለት አሜሪካዊቷ ጄኒፈር አለን ናት። ስሜቱ ግን ከስሙ ይቀድማል። ከ1983 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሥዕል ያስተምር የነበረውን የቦብ ሮስን ለስላሳ ድምፅ ብዙዎች የሚሰሙት ለመሣል ሳይሆን ለማረፍ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ስሜት የሚያውቁ 475 ሰዎችን ሲጠይቁ፣ ሦስት አራተኛው ስሜቱን የሚቀሰቅስባቸው ሹክሹክታ እንደሆነ ተናገሩ፤ 69 በመቶው ደግሞ አንድ ሰው ለእነሱ ብቻ ትኩረት ሲሰጥ እንደሆነ። እኔን የያዘኝ ይህ ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ የሙያዬ ታሪክ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ሹሩባ የሴት ብቻ አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስንና አፄ ዮሐንስን በምስሎቻቸው ላይ ፀጉራቸውን ተሠርተው እናያቸዋለን። በመቅደላ ከቴዎድሮስ የተቆረጠው ፀጉር ለንደን ከርሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። የሚፈራ ንጉሥ ሳይቀር ለመሠራት ጎንበስ ብሎ አናቱን ለሌላ ሰው መስጠት ነበረበት። እናቴ እኔን ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ፣ ቅቤ ቀብታ፣ በሚዶ ጫፍ መስመር ስታወጣ የምታወራኝ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር። አጠገባችን ቡና በምጣድ ላይ ይንጣጣል፣ ቀጥሎ ዘነዘናው ሙቀጫውን ይመታል። በሰሜኑ ብዙ ክርስቲያኖች ቡናን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ይነቅፉት ነበር፤ በእኛ በከፋ ግን ጫካው ራሱ ቡና ስለሚያበቅል ይህ ድምፅ የቤት ድምፅ ነው። የሚያሳርፈኝም ቡናው የሚቆላው ለእኛ መሆኑን ስለማውቅ ይመስለኛል።

ቪዲዮዎቹም ሲጀምሩ የሚያሳርፈው ለእኛ ብሎ የሚሠራ ሰው መኖሩ እንደሆነ ያውቁ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. በዩቲዩብ የተከፈተው የመጀመሪያው የሹክሹክታ ቻናል የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ፀጉር አስተካካይ ወይም ሐኪም መስለው ተመልካቹን "የሚንከባከቡ" መጡ። ቀጥሎ ሳሙና መክተፍና ምግብ ማኘክ መጣ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ኤኤስኤምአር የቢራ ማስታወቂያ ሆኖ በአሜሪካ ፉትቦል ትልቁ ፍጻሜ ላይ ታየ። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ የመስታወት ፍራፍሬ በቢላዋ ይቆረጣል፤ የሚቆርጠው እጅ እንኳ የማንም አይደለም። ለእኔ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ድምፁ ጠርቷል፣ ሰውየው ግን ወጥቷል።

ቪዲዮውን አልነቅፍም። በ2018 እ.ኤ.አ. የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ስሜቱ በሚሰማቸው ሰዎች ላይ የልብ ምት በደቂቃ በ3 ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኪራይ ቤት ብቻዋን የምታድር ተማሪ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ ካገኘች እሰየው ነው። ራሷን የምትሰጠው የሰው እጅ እንድታገኝ ግን እመኛለሁ። ሥራ ለመልመድ ወደ እኔ ለምትመጣ ልጅም ከመስመር ማውጣት በፊት የማስለምዳት አንድ ነገር ነው፦ ሚዶውን ከማሳረፍሽ በፊት "እታለም፣ የሚያምሽ ቦታ አለ?" ብለሽ ጠይቂ፤ መልሷን እስክትሰሚም እጅሽን አትጫኚ።