ከሰንጠረዥ እስከ ኮምፒዩተር፦ ያረጁ የሚና ጨዋታዎችን ዛሬ ስለ መጫወት

(በሐረር ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። «የታሪክ መምህር የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አልቀየምም። መልሴን ግን ከኮምፒዩተር ሳይሆን ከሰንጠረዥ እጀምራለሁ።

አገራችን የራሷ የሆነ የሰንጠረዥ አጨዋወት ነበራት። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ በደረሰ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ሲጫወቱ ተመልክቶ ጽፏል። የአጨዋወቱ ልዩ ጠባይ «ወረራ» የሚባለው መክፈቻው ነበር። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው እንደ ፈጠነ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር በማረከ ጊዜ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይሆናል። ንጉሡን በየትኛው ጠጠር መርታት እንደሚያስከብር፣ በየትኛው መርታት ደግሞ እንደማያስመሰግን የታወቀ ሥርዓት ነበረው።

ይህ ሁሉ በመጻሕፍት ተመዝግቦ ይገኛል፤ ጨዋታው ግን ከሰው እጅ ወጥቷል። ገበጣን ተመልከቱ። ልጆች መሬት ቆፍረው፣ ጠጠር ለቅመው ስለሚጫወቱት ዛሬም በሕይወት አለ። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው፦ የጨዋታ ሕግ በወረቀት ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ጨዋታው ራሱ የሚኖረው ግን በተጫዋች ውስጥ ብቻ ነው።

ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ትምህርቴን በውጭ አገር ተከታትዬ በ1990ዎቹ መጨረሻ ስመለስ፣ «ባልደርስ ጌት» የሚባለውን በ1998 የወጣ የሚና ጨዋታ ይዤ መጥቼ ነበር። አንድ ምሽት ስጫወት አያቴ አጠገቤ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ተጠግቶ ነበር። በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ ይኸ በተራ ነው ወይስ ወረራ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የእርጅና ጥያቄ መስሎኝ ሳቅሁና፣ «አይ አባባ፣ ይኸ ሌላ ነገር ነው» አልኳቸው። እርሳቸውም ዳግመኛ አልጠየቁኝም። በዓመቱ ዐረፉ።

ስለ ሰንጠረዣችን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። አያቴ የጠየቁኝ ጥያቄ የሚና ጨዋታ ሠሪዎችን ለዓመታት ያከራከረው ጥያቄ ራሱ ነበር፦ ተጫዋቹና ጠላቱ በተራ ይንቀሳቀሱ ወይስ በአንድ ጊዜ? «ባልደርስ ጌት» ሁለቱን ለማስታረቅ ሞክሯል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፣ ተጫዋቹ ግን አንድ ቁልፍ ተጭኖ ጊዜውን ያቆማል፣ አስቦም ትእዛዝ ይሰጣል። አያቴ ወረራን የሚያውቁት በእጃቸው ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቃቸው ሸኘኋቸው።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ። የሚና ጨዋታ ማለት ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ለብሶ፣ ስለ እርሱ እየወሰነ፣ የውሳኔውን ውጤት የሚቀበልበት ጨዋታ ነው። ዘመናዊ መልኩን የያዘው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በ1974 በታተመ ጊዜ ነው፤ ይህ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄድ ነበር። በዓመቱ፣ በ1975፣ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ «ፕላቶ» በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ ተመሳሳይ ጨዋታዎች ተጻፉ። ፕላቶ የተሠራው ለማስተማሪያ ስለ ነበረ አስተዳዳሪዎቹ ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ጨዋታ ከማሽኑ ሰርዘውታል። ዩኒቨርሲቲዎች የወጣቶቻቸውን ሥራ ሁልጊዜ በጊዜው አያውቁትም። በ1981 ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩ ሁለት ወጣቶች «ዊዛርድሪ»ን፣ ሪቻርድ ጋሪዮት «አልቲማ»ን ለገበያ አቀረቡ። ጃፓኖች በ1986 ያወጡት «ድራገን ክዌስት» ከእነዚህ ሁለት ምንጮች የተቀዳ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ይህን የምትሰሙ ተማሪዎች ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ብትጫወቱ ትጠቀማላችሁ? እውነቱን ለመናገር ሁሉንም አልመክርም። «ዊዛርድሪ»ን ማወቅ ለታሪክ ተማሪ ይጠቅማል፤ ለጀማሪ ግን ትዕግሥትን ያለ ወሮታ የሚጨርስ ነው። ስለዚህ ሦስት ብቻ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው በ1997 የወጣው «ፎልአውት» ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከኑክሊየር ጦርነት በኋላ ከመሬት በታች በሚኖር ሕዝብ መካከል ነው። ውኃቸውን የሚያጣራው መሣሪያ ተበላሽቷል፤ ተጫዋቹ ምትኩን ፈልጎ እንዲያመጣ 150 ቀን ይሰጠዋል። የሌላ አገር ተጫዋች ይህን እንደ ልብ ወለድ መነሻ ያየዋል። እኛ የሐረር ሰዎች ግን ለከተማችን ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ያየን ነን፤ ጄሪካን ይዞ መሰለፍ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ጨዋታው የቀን ቆጠራውን ሲጀምር ልባችን የሚመታው በሌላ አመታት ነው። ሌላው ታላቅነቱ መጨረሻው ነው፦ የመጨረሻውን ባላንጣ በጥይት መግጠም ይቻላል፤ ማስረጃ ሰብስቦ፣ ዕቅዱ የማይሳካ መሆኑን በክርክር አሳምኖ መርታትም ይቻላል። ማስረጃ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ለተማሪ ይገባዋል።

ሁለተኛው በ2002 የወጣው «ሞሮዊንድ» ነው። የዛሬ ጨዋታዎች መድረሻውን በቀስት ያመለክታሉ፤ ተጫዋቹም ቀስቱን እንጂ አገሩን አያይም። «ሞሮዊንድ» ቀስት የለውም። መንገድ የሚነግራችሁ ሰው ነው፦ ድልድዩን ተሻገር፣ ከድንጋዩ ዘንድ ወደ ግራ ታጠፍ ይላል፤ አንዳንዴም ይሳሳታል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በፈላና በር ገብቶ ወደ ቡዳ በር ለመውጣት የፈለገ እንግዳ በጁገል ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ የሚያገኘው መሪ የሰው አንደበት ነው። በግንቡ ውስጥ ዩኔስኮ የመዘገባቸው 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ሥፍራዎች አሉ፤ እነርሱን እየጠቀሰ የሚመራህ ሰው መንገድ ብቻ ሳይሆን ታሪክም ይነግርሃል። መጥፋት የማወቅ መጀመሪያ የሚሆንበት ከተማና ጨዋታ አሉ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚያረጀው፣ በ1985 የወጣው «አልቲማ አራት» ነው። የሚገደል ዋና ጠላት የለውም፤ ተጫዋቹ ስምንት ምግባራትን ተላብሶ መገኘት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ዓይነ ስውር የሆነች ዕፅ ሻጭ ገንዘቡን ራስህ ቆጥረህ እንድትከፍል ትተውልሃለች። አሳንሰህ ብትከፍል ማንም አይጮህብህም፤ ታማኝነትህ ግን በስውር ይቀንሳል። ሥዕሉ ዛሬ እንደ ሕፃን ሥራ ይታያል፤ ፈተናው ግን አላረጀም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ «ፎልአውት»ን ዐሥር ደቂቃ ሞክሮ፣ «መምህር፣ ምንም አያስረዳም እኮ» አለኝ። ልክ ነበር። የዚያ ዘመን ጨዋታ የሚያስረዳው አብሮት በሚመጣው መመሪያ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ሳያነቡ መጀመር መቅድሙ ተቀዶ የወጣ መጽሐፍ እንደ ማንበብ ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ መጀመሪያ መመሪያውን አንብቡ፤ ደብተርና እርሳስ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ጨዋታውን በየጊዜው፣ በተለያየ ስም መዝግቡ፤ ከመፍረዳችሁ በፊትም ሦስት ምሽት ስጡት። ለኪሳችሁም አይከብድም። እነዚህ ጨዋታዎች በአሮጌ ላፕቶፕ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የቆዩ ጨዋታዎችን በሕጋዊ መንገድ በሚሸጠው «ጎግ» ላይ ይገኛሉ፤ «አልቲማ አራት» እንዲያውም በነጻ ይሰጣል።

ሁሉም ግን እንዲህ አልታደሉም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶው በዚያን ጊዜ በገበያ ላይ አይገኙም ነበር። ከብራና ጋር የኖረ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይስተውም። ብራና ስንት መቶ ዓመት ኖሮ ይነበባል፤ የ1980ዎቹ ዲስኬት ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደንቁሮ ይቀራል። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ከታሪክ ተማሪዎች ጋር ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ካለ፣ አንዱ ይህ ነው። ያን ሥራ የሚሠሩ እጆች የሰንጠረዣችንን ወረራም በኮምፒዩተር ላይ መልሰው ሊያቆሙት ይችላሉ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። አንድ የቆየ ጨዋታ ክፈቱና እስከ ሦስተኛው ምሽት ታገሡት። ከዚያም ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ በዕድሜ የገፉ ዘመዶቻችሁን በልጅነታቸው ምን ይጫወቱ እንደ ነበር፣ ሕጉም እንዴት እንደ ነበር ጠይቁ፤ የሚሏችሁንም ጻፉ። እነርሱ ደግሞ የእናንተን ጨዋታ አይተው አንዳች ነገር ቢጠይቋችሁ፣ እባካችሁ አትሳቁ፤ ቁጭ ብላችሁ መልሱላቸው።