የብራና መጻሕፍት የራስጌና የግርጌ ጉንጉን

ስለ ሀገራችን የብራና መጻሕፍት በተጻፈ ቁጥር በቅድሚያ የሚነሣው የፊደሉ ውበት፣ የሐረጉና የሥዕሉ ድምቀት፣ የይዘቱም ክብደት ነው። ቀጥሎም ስለ ድጉሱ ጥቂት ቃል ይነገራል። በመጽሐፉ ጀርባ ሁለት ጫፎች፣ በራስጌና በግርጌ፣ ተሰፍቶ ስለሚገኘው ቀጭን የቆዳ ጉንጉን ግን የሚናገር እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ሥራ መጽሐፉን ለዘመናት ካቆዩት ነገሮች አንዱ ከመሆኑም በላይ፣ መጽሐፉ ስንት ጊዜ ተፈትቶ እንደ ተጠረዘ ለሚመረምር ባለሙያ ታማኝ ምስክር ነው።

ለዚህ ጉዳይ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተሻለ መነሻ አይገኝም። ከደሴ በስተ ሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሚገኘው ሐይቅ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የመነኮሳት ማኅበር አቋቋሙ። ገዳሙ የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምረዋል፤ የገዳሙ አበምኔትም «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕርግ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን ነበረው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት፣ በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው ወንጌል ዘመናቸው በትክክል ከታወቀው ጥንታውያን የብራና መጻሕፍቶቻችን አንዱ ነው። በውስጡ የመነኩሴው ሥዕል ከመገኘቱም ሌላ፣ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ዝርዝር ተመዝግቦበታል።

ከሐይቅ አቅራቢያ ባለው በአምባሰል ምድርም ግሸን ማርያም ትገኛለች። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ስለ መጣው የግማደ መስቀሉ ታሪክ የሚናገረው መጽሐፈ ጤፉት የሚጠበቀው በዚያ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ሐይቅም ግሸንም ተጠቅተዋል። የእነዚህ ስፍራዎች መጻሕፍት ዕጣ እንግዲህ በዕቃ ቤት ጸጥ ብሎ መቀመጥ ብቻ አልነበረም፤ መሸከም፣ መደበቅ፣ መዳከም፣ ዳግመኛም መጠረዝ ነበር። ስለዚህ አንድ ጽሑፍ የተጻፈበት ዓመት የጥራዙ ዓመት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ጽሑፉ የ13ኛው መቶ ዓመት ሲሆን ገበታው፣ ቆዳውና ጉንጉኑ ከብዙ ዘመን በኋላ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

የጉንጉኑን ጥቅም ለመረዳት አስቀድሞ የሀገራችንን አጠራረዝ ማወቅ ያሻል። ጠራዡ በእያንዳንዱ ጥራዝ እጥፋት ላይ ጥንድ ጥንድ ቀዳዳዎችን በወስፌ ይበሳል። ለመካከለኛ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጥንድ ይበቃል፤ ለትልቅ መጽሐፍ ቁጥሩ ይጨምራል። ክሩ ከአንዱ ጥራዝ ወጥቶ ቀድሞ የተሰፋውን አቅፎ ወደሚቀጥለው ስለሚገባ፣ በጀርባው ላይ ሰንሰለት የመሰለ ስፌት ይታያል። ያው ክር በእንጨቱ ገበታ ጠርዝ በተበሱት ቀዳዳዎች እየገባ ገበታውን ከጥራዞቹ ጋር ያስተሳስራል። በአውሮፓ አጠራረዝ እንደሚታየው ጥራዞቹ የሚሰፉበት ወፍራም ገመድ በጀርባው ላይ አይዘረጋም፤ ጀርባውም በሙጫ አይደርቅም። በዚህ ምክንያት መጽሐፉ በአትሮንስ ላይ ያለ ችግር ተዘርግቶ ይነበባል።

ይህ አሠራር ግን አንድ ድክመት አለው። ሰንሰለቱ የሚይዘው የጥራዞቹን መካከለኛ ክፍል ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ጫፍ ልቅ ሆኖ ይቀራል። ገበታው ባሕረ ዓረብ በሚባለው ቀይ ቆዳ ሲለበስም፣ ቆዳው በአብዛኛው በገበታው ላይ እንጂ በጀርባው ላይ አይጣበቅም። በጀርባው በኩል ቆዳውንና ጥራዞቹን የሚያገናኝ ነገር ከሌለ፣ መጽሐፉ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጥራዞቹ ይንሸራተታሉ፤ የቆዳውም ጫፍ ይላላል። ይህን ክፍተት የሚሞላው ጉንጉኑ ነው።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ከለፋ ቆዳ ሁለት ቀጫጭን ጠፍሮች ይቆረጣሉ። የአንደኛው ጠፍር መካከል በቢላዋ ጫፍ ይሰነጠቅና ሁለተኛው በስንጥቁ ያልፋል፤ ቀጥሎ ሁለተኛው ይሰነጠቅና የመጀመሪያው በእርሱ ያልፋል። እንዲህ እየተፈራረቀ ሲጠብቅ የስንዴ ዛላ የሚመስል ጠፍጣፋ ጉንጉን ይወጣል። ስንጥቁ ከረዘመ ጉንጉኑ ይላላል፤ ወደ ጠርዙ ከቀረበ ደግሞ ጠፍሩ ይበጠሳል። ጉንጉኑ በጀርባው ጫፍ ላይ ከተደረገ በኋላ፣ መርፌው በጥራዙ እጥፋት ገብቶ በጀርባው ቆዳ በኩል እየወጣ ከሁለቱም ጋር ያሰፋዋል። ጥራዝ፣ ቆዳና ጉንጉን በአንድ ክር የሚተሳሰሩት በዚህ ቦታ ነው። ቆዳ ያልለበሱ፣ ባለ እንጨት ገበታ ብቻ የሆኑ መጻሕፍት ይህ ጉንጉን የላቸውም።

በሌላው ዓለም የዚህ ሥራ ዕጣ የተለየ ሆኗል። በአውሮፓ መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ ቀጥ ብለው መቆም ከጀመሩ ወዲህ አንባቢው መጽሐፉን የሚስበው በራስጌው ይዞ ስለ ሆነ፣ በእጅ የሚሰፋው ጉንጉን ያንን ጉተታ ይቋቋም ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በፋብሪካ የተሠራ ባለ ቀለም ጨርቅ በሙጫ መለጠፍ ተለመደ፤ መልኩ ቀረ፣ ሥራው ጠፋ። በሀገራችን መጽሐፉ በማኅደሩ ገብቶ በማንገቻው ከግድግዳ ይሰቀላል እንጂ በራስጌው አይጎተትም። ስለዚህ የእኛ ጉንጉን የመደርደሪያን ጉተታ ለመቋቋም ሳይሆን ጥራዙን ከቆዳው ጋር ለማስተሳሰር ኖረ።

ለታሪክ ተመራማሪ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የጉንጉኑ ስፌት በእያንዳንዱ ጥራዝ እጥፋት ላይ፣ ከጫፉ አጠገብ፣ ቀዳዳ ይተዋል። ዛሬ ባዶ እንጨት የሆነ መጽሐፍ በእጥፋቱ ጫፍ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከተገኘበት፣ ቀድሞ ቆዳ ለብሶ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ክር የማያልፍባቸው ተጨማሪ ቀዳዳዎች ከታዩም መጽሐፉ ከአንድ ጊዜ በላይ መጠረዙን ያመለክታሉ። የአንዳንዱ ጥራዝ ቀዳዳ ከሌላው የማይገጥም ከሆነ ደግሞ፣ ያ ጥራዝ ከሌላ መጽሐፍ የመጣ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል።

ይህ ምስክርነት በቀላሉ የሚጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አንሥቶ ለትውልድ አስተላልፏል፤ የሐይቁ ወንጌልም በ1832 ቁጥር ተመዝግቧል። ዋጋው ከፍ ያለ ሥራ ነው። ነገር ግን ፊልም ገጹን እንጂ የጀርባውን ስፌት አያሳይም። ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ አሠራር ያሳተሙት ጥናት የብራናውንና የጥራዙን ሙያ ራሱን የታሪክ ርእስ አድርጎ ማቅረቡ ተገቢ ጅምር ነበር።

በጥገና ረገድም መልካም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የአባ ገሪማ ወንጌላት ጥገና መጻሕፍቱ ከገዳማቸው ሳይወጡ የተከናወነ ነበር። ባለሙያው ወደ መጽሐፉ መሄዱ እንጂ መጽሐፉ ወደ ባለሙያው አለመምጣቱ ለሐይቅም ለግሸንም የሚሆን ትምህርት ነው። በአንጻሩ የላላ መጽሐፍ ሲገኝ የቀረውን ጉንጉን ቆርጦ ጥሎ ጀርባውን በሙጫ ማድረቅ ብራናውን ይጎዳል፤ መጽሐፉ በወጉ እንዳይዘረጋ ያደርጋል፤ የቀድሞውንም ጠራዥ ምስክርነት ይደመስሳል።

ስለዚህ ባለሙያው የብራና መጽሐፍ ሲመዘግብ የገጹን ቁጥርና የድርሰቱን ስም ከጻፈ በኋላ በአንድ መስመር የጉንጉኑን ሁኔታ ቢጨምር፣ ማለትም አለ ወይስ የለም፣ ከምን ተሠራ፣ ስፌቱ በየትኞቹ ጥራዞች አለፈ የሚለውን ቢያሰፍር፣ የሚወስድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጸሐፊው ስሙን በመጽሐፉ መጨረሻ ያኖራል፤ ጠራዡ ግን ብዙውን ጊዜ ስሙን አይጽፍም። ከእርሱ የቀረው ይህ ስፌት ነው።