የተማሪ ማኅደር ቅብብል በማደሪያ ተቋማትና በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መካከል (አቃቂ ቃሊቲ)

የተማሪ ማኅደር ቅብብል ልጆችና ወጣቶች እያደሩ በሚኖሩባቸው ተቋማት፣ ማለትም በሕፃናት ማሳደጊያ፣ በጠባይ ማረሚያና በማረሚያ ቤት፣ እና በመንግሥት ትምህርት ቤቶች መካከል የአንድ ተማሪ የትምህርት ማስረጃ የሚተላለፍበት አሠራር ነው። የሚተላለፈው ብዙ አይደለም፤ የውጤት ካርድ፣ መሸኛ፣ የልደት ማስረጃና ጉርድ ፎቶ፣ እንደ ሁኔታውም የሐኪም ወረቀት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ግን ተማሪው ያለፈውን ክፍል ሊደግም፣ ምዝገባ ሊያመልጠው ወይም ከነጭራሹ ከትምህርት ሊርቅ ይችላል።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከጉዳዩ ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው። የከርቸሌ ወህኒ ቤት ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ሲገነባ (ሕንፃው የተመረቀው ጥር 2004 ዓ.ም. ነው) የመዲናዋ ዋና ማረሚያ ቤት ቃሊቲ ሆነ። እዚያው ክፍለ ከተማ ያለው ቂሊንጦም የቀጠሮ እስረኞች ማቆያ በመሆን ይታወቃል። በማረሚያ ቤቶቹ መደበኛ ትምህርት ይሰጣል፤ ብሔራዊ ፈተና የተፈተኑ ታራሚዎችም ጥቂት አይደሉም። ከከተማዋ ነባር የሕፃናት ማሳደጊያዎች መካከል ቀጨኔ በሰሜን፣ ኮልፌ በምዕራብ ናቸው። ለረጅም ዘመን በዓይነቱ ብቸኛ ሆኖ የኖረው የሕፃናት ጠባይ ማረሚያም ልደታ ነው። ስለዚህ የአቃቂ ልጅ ተቋም ሲገባ ብዙውን ጊዜ ከሰፈሩ ይርቃል፤ ካርዱና ስሙ የሰፈረበት ሮስተር ግን አቃቂ ይቀራሉ።

በተለመደው ዝውውር ወላጅ ወደ ሪከርድ ክፍል ይሄዳል። ልጁ የተረከባቸው መጻሕፍት መመለሳቸው ይጣራል፣ ርዕሰ መምህሩ መሸኛው ላይ ይፈርማል፣ ክብ ማኅተም ይመታበታል፣ ወረቀቱም በታሸገ ፖስታ በወላጅ እጅ ወደ ተቀባዩ ትምህርት ቤት ይሄዳል። መላው አሠራር የቆመው ሰኔ ወይም ነሐሴ ላይ መታወቂያውን ይዞ የሚመጣ ወላጅ አለ በሚል ግምት ላይ ነው። ተቋም ውስጥ ላለ ልጅ ይህ ሰው የለም። ሥራው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ እሱም ብዙ ልጆች አሉበት። የፍርድ ቤት ቀን ደግሞ የትምህርት ዘመንን አይጠብቅም። ቂሊንጦ በቀጠሮ ላይ ያለ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ኅዳር ላይ ዋስትና ሊፈቀድለት፣ ወይም የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ሳምንት ሲቀረው ሊለቀቅ ይችላል። በሩ ሲከፈትለት የሚያስበው ቤቱን እንጂ ያልተሟላ የመንፈቅ ውጤቱን አይደለም፤ ለዚህም ሊወቀስ አይገባም። ወረቀቱን ማሰብ የነበረበት ተቋሙ ነው።

ኪሳራው የሚከፋው ከ8ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባለው ዕድሜ ነው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ ወጣት ትምህርት ቤቱ ማኅደሩን ቢያጠፋበት እንኳ እዚያ ደረጃ መድረሱን የሚመሰክርለት አገር አቀፍ ሰርተፊኬት ነበረው። ዛሬ በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪና በ12ኛ ክፍል ፈተና መካከል ያሉትን ዓመታት የሚመሰክረው የትምህርት ቤቱ ሮስተርና ከእሱ የሚቀዳው ትራንስክሪፕት ብቻ ነው። የወንጀል ሕጉ ለአዋቂዎች የተደነገገውን ቅጣት ተግባራዊ የሚያደርገው ከ15 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ በመሆኑ፣ ማረሚያ ቤት የመግባት አደጋና ይህ የማስረጃ ክፍተት በአንድ ዕድሜ ላይ ይገጣጠማሉ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ፍርድ ቤት ስለ ወጣት ጥፋተኛ ጠባይ፣ ትምህርትና አኗኗር ከወላጆቹና ከትምህርት ቤቱ መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ከትምህርት ቤት ወደ ችሎት የሚወስደው መንገድ በዚህ ተጠርጓል። ልጁ ተቋም ውስጥ የተማረውን ወደ ትምህርት ቤት የሚመልሰው መንገድ ግን በዚህ ሕግ ያን ያህል አልተዘረዘረም። ሰኔ 2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት ክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያዎች ለእያንዳንዱ ሕፃን የግል ማኅደር እንዲይዙ ይጠይቃል። ቁጥር 1321/2016 የሆነው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ የጤና ሁኔታን ለመሰሉ ስሱ መረጃዎች የላቀ ጥበቃ ይሰጣል።

ችግሩ የወረቀት መጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተር በፈታው ነበር። ከመሸኛው ግርጌ ያለው ክብ ማኅተም ግን የተቋሙን ስም ይዟል። ልጁን የሚቀበለው መምህር ማኅተሙ ላይ «ማረሚያ» የሚል ቃል ካነበበ፣ ከክፍል አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር ዓይኑ ወደ ማን እንደሚዞር መገመት አያዳግትም። ውጤቱን የሚያረጋግጥለት ማኅተም ራሱ ያጋልጠዋል፤ ይህን የፈሩ ወጣቶች ማስረጃቸውን ደብቀው ከታች ክፍል ለመጀመር ቢመርጡ አያስገርምም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 1983 ዓ.ም. ባጸደቀው ነፃነታቸውን የተነፈጉ ወጣቶች ጥበቃ ደንብ፣ በተቋም ውስጥ የተገኘ የትምህርት ማስረጃ ወጣቱ በዚያ መቆየቱን በምንም መንገድ ማመልከት እንደሌለበት ተደንግጓል። ይህ በተግባር የሚቻል ነው፤ ተማሪው በአቅራቢያው ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ስም ቢመዘገብና ካርዱ የዚያን ትምህርት ቤት ማኅተም ቢይዝ ይበቃል።

የአሜሪካ ልምድ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕግ የተማሪን ማኅደር ያለ ወላጅ ፈቃድ ለሌላ ወገን ማሳየትን በእጅጉ ገደበ። ጥበቃው ግን ወላጅ አጠገባቸው የሌላቸውን ልጆች ጎዳ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕፃናት ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች በር ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በመንግሥት ክብካቤ ሥር ሆኖ ትምህርት ቤት የሚቀይር ልጅ ማኅደሩ ባይደርስም ወዲያው እንዲመዘገብ፣ ማኅደሩንም ተቀባዩ ትምህርት ቤት ራሱ ጠይቆ እንዲያስመጣ ተደነገገ።

አቃቂ ቃሊቲ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው ሸገር ከተማ ጋር ይዋሰናል። ገላን አካባቢ ጥቂት መንገድ የሄደ ልጅ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ወጥቶ በኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ሥር ሊገባ፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናውም በሌላ ክልል ሊመዘን ይችላል። ከተቋም ወጥቶ ከወሰኑ ማዶ ያለ ዘመድ ዘንድ የሚጠጋ ልጅ የተቋሙንም የክልሉንም ዝውውር በአንድ ጊዜ ይሸከማል።

ተቀባዩ ትምህርት ቤት ማወቅ ያለበት ልጁ የጨረሰውን ክፍል፣ ውጤቱን፣ ዕድሜውን፣ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ይህንኑ ነው። የፍርድ ቤት መዝገቡ፣ ወላጆቹ የሞቱበት ወይም የተለዩበት ምክንያትና ጥፋቱ የሪከርድ ክፍል ጉዳይ አይደሉም። ልጅ ከተቋም የምትረከቡ ዘመዶችና አሳዳጊዎች ከበሩ ከመውጣታችሁ በፊት የውጤት ካርዱንና መሸኛውን ጠይቁ፤ ኮፒውንም ቤት አስቀምጡ። ርዕሳነ መምህራንም ወረቀት ያልያዘ ልጅ ሲመጣ መዝግባችሁ ክፍል አስገቡት፤ ማኅደሩን ደብዳቤ ጽፋችሁ ራሳችሁ አስመጡ።