ዘራፊው የጻፈው መዝገብ

ጋይንት ቤተ ልሔም ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ድጓ ነው። በየዜማ ቤቱ ዓመታት የከረመ ተማሪ ዕውቀቱን ለማስመስከር ወደዚህ ይመጣል፤ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለድጓ ቤተ ልሔም። ቤተ ክርስቲያኑን ከሩቅ ያየው ሰው እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ክብ ነው ብሎ ያልፈዋል። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን ከክቡ ጣሪያ ሥር ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የታነጸ፣ አራት ማዕዘን የሆነ፣ የአክሱምን የግንባታ ስልት የጠበቀ ጥንታዊ ሕንጻ ያገኛል። በ1940ዎቹ መገባደጃ ቶማስ ፓከናም የተባለው ወጣት ጸሐፊ ጎብኝቶት ለውጭ አንባቢ እስኪያስተዋውቀው ድረስ፣ ከአካባቢው ሰውና ከሊቃውንቱ በቀር ብዙ የሚያውቀው አልነበረም።

እንዲህ ባሉ ጥንታውያን አድባራት የንብረት መዝገብ የሚቀመጠው በመጻሕፍት ኅዳግ ላይ ነው። ማን ምን ርስት ሰጠ፣ የትኛው መስቀል በማን ዘመን ገባ፣ ወሰኑ ከየት እስከ የት ነው፣ እነማን ምስክር ነበሩ፤ ይህ ሁሉ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ መጨረሻው ላይ የቀማም ያስቀማም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይታሰራል። ጥሩ መዝገብ ነው፤ ምስክርም ቀንም አለው። አንድ ጉድለት ግን አለበት፤ መጽሐፉ ከተወሰደ መዝገቡም አብሮ ይሄዳል።

ጋይንት ይህ ሲሆን በቅርብ አይታለች። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፋቸውን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጓዙት በዚህ አገር አቋርጠው ነው። ዐፄው ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው መጻሕፍትም መቅደላ ደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ አምባው በእንግሊዞች እጅ ሲወድቅ፣ ሪቻርድ ሆምስ የተባለ የብሪትሽ ሙዚየም ሰው ከሠራዊቱ ጋር ነበር። ምርኮው ደላንታ ሜዳ ላይ ተጫረተ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለንደን ገቡ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ዊሊያም ራይት የተባለ ምሁር እያንዳንዱን መጽሐፍ ቁጥር ሰጥቶ፣ ቅጠሉን ቆጥሮ፣ የኅዳግ ጽሑፉን ሳይቀር አንብቦ ካታሎግ አሳተመ። ስለዚህ የጎንደር አድባራት ምን እንደነበራቸው በዝርዝር ማወቅ የሚሻ ሰው ዛሬ የሚያነበው የወሰደው ወገን ያዘጋጀውን መዝገብ ነው። ሥራው ድንቅ ነው፤ እኔንም ጠቅሞኛል። የሚያበሳጨውም ይኸው ነው።

ጣሊያን ሲመጣ የወሳጁ መዝገብ ይበልጥ ረቀቀ። በስታራቼ የሚመራው የጣሊያን ጦር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ ጋይንት የምትገኝበት በጌምድርም «አማራ» በተባለው አዲስ ገዥነት ውስጥ ተካተተ። መሬት በአዋጅ ይወረስ ጀመር። መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱና የቤተ ሰባቸው፣ ቀጥሎ የተሰደዱት መኳንንት፣ ከዚያም «ሽፍታ» የተባሉት አርበኞች ርስት ተነጠቀ። በሆለታና በቢሾፍቱ የጣሊያን የቀድሞ ወታደሮች ድርጅት የእርሻ ሰፈራ አቋቋመ። ወገራ ላይ ደግሞ «ሮማኛ ዲኢትዮጵያ» የሚባል ድርጅት ሙሶሊኒ ከተወለደበት ክፍለ አገር ገበሬዎች አምጥቶ ሊያሰፍር ተነሣ። ዕቅዱ ከጥቂት ቤተ ሰብ አላለፈም። አርበኛው ዕረፍት ነሳው፤ በዚያ ላይ የርስት ሥርዓቱ ቢሮክራቶቹን አደናገራቸው። አንዱን ማሳ ስንት ወራሽ እንደሚጠይቀው የሚያውቀው የአገር ሽማግሌ እንጂ ካርታ አልነበረም። መዝገብ አለመኖሩ ባለርስቱን የጠቀመበት አልፎ አልፎ የሚገኝ አጋጣሚ ነው።

ወገራ፣ ደምቢያ፣ ስሜንና በለሳ የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት የቤተ እስራኤልም አገር ናቸው። የእነሱ የንብረት ታሪክ ግን ፋሺስት ከመምጣቱ 500 ዓመት በፊት ይጀምራል። በትውፊቱም በታሪክ ጸሐፊዎቹም ዘንድ እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ካሸነፏቸው በኋላ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ከርስቱ እንዲነቀል አወጁ። በዐፄ ሠርጸ ድንግልና በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተካሄዱት የስሜን ጦርነቶች የቀረውን አስለቀቁ። በጎንደር ዘመን ግንበኞቻቸውና አናጢዎቻቸው ለቤተ መንግሥቱ ሥራ መሬትና ማዕረግ ያገኙበት ጊዜ ቢኖርም፣ ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ያም ሳሳ፤ አብዛኞቹ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ ሆነው ቀሩ። ይህን ነጠቃ የሚተርክልን የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ነው። የተነጠቁት የጻፉት የርስት መዝገብ እጃችን የለም። የአይሁድን ንብረት በጦርነት መንጠቅ የሚለውን ነገር ስንሰማ ዓይናችን ቶሎ ወደ አውሮፓ ይሄዳል፤ በእኛ በበጌምድር የሆነውን ግን የድል ታሪክ አድርገን ስናነበው ኖረናል።

ስለዚህም ጣሊያን ሲመጣ ከቤተ እስራኤል የሚነጠቅ ሰፊ ርስት አላገኘም። ያጡት ትምህርት ቤታቸውን ነው። ዣክ ፋይትሎቪች የተባሉ አይሁዳዊ ምሁር በ1890ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የቤተ እስራኤልን ወጣቶች ለትምህርት ወደ አውሮፓ ይልኩ ጀመር። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ታምራት አማኑኤል ፓሪስና ፊሬንዜ ተምረው ተመለሱ፤ በ1910ዎቹም አዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት መሩ። ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን የጻፉት የአማርኛ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ወረራው ትምህርት ቤቱን ዘጋው። ፕሮፌሰር ታምራትም በ1929 ዓ.ም. ከአገር ወጥተው እስከ ነጻነት በስደት ቆዩ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይወሳሰባል። በ1928 ክረምት የጣሊያን አይሁድ ማኅበራት ኅብረት ካርሎ አልቤርቶ ቪቴርቦ የተባለ የሕግ ባለሙያ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ቪቴርቦ ቤተ እስራኤልን በመንደራቸው ጎበኙ፤ በጣሊያን ሕግ የታወቀ ማኅበረሰብ እንዲሆኑም ደከሙ። የጣሊያን አይሁድ ያን ጊዜ ታማኝ ዜጎች ነበሩ። በመካከላቸው በኢትዮጵያ የዘመቱም ለጦርነቱ የጋብቻ ቀለበታቸውን የሰጡም ነበሩ። በዚያው ወቅት ግን ፋሺስቱ የዘር ሕጉን መጀመሪያ የሞከረው በእኛ ላይ ነው። በሚያዝያ 1929 የወጣው ድንጋጌ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ እስከ አምስት ዓመት ያስቀጣ ነበር። ከዓመት ተኩል በኋላ፣ ኅዳር 8 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ የአይሁዱ ሕግ ወጣ። ቪቴርቦም በ1932 ታስረው ወደ ማጎሪያ ተላኩ። አዲስ አበባ ላይ የተሞከረው ሮም ላይ ሲደርስ ብዙዎች እንግዳ ነገር መሰላቸው።

የ1931ዱ ሕግ ለአይሁድ የንብረት ጣሪያ አበጀ፤ ግምቱ ከ5,000 ሊሬ በላይ የሆነ መሬት፣ ለግብር ከ20,000 ሊሬ በላይ የተመዘገበ የከተማ ቤት ሊኖራቸው አይችልም። ትርፉን የሚረከብ «ኤጄሊ» የተባለ መሥሪያ ቤት በየካቲት 1931 ተቋቋመ። ጀርመን ሰሜንና መካከለኛ ጣሊያንን ከያዘ በኋላ ደግሞ ታኅሣሥ 25 ቀን 1936 ዓ.ም. የሙሶሊኒ አሻንጉሊት መንግሥት የአይሁድ ንብረት በሙሉ እንዲወረስ አዘዘ። ባንኮች ተቀማጩን፣ ፖሊስ የቤት ዕቃውን ዘረዘሩ። ወንበር፣ ሸሚዝ፣ ማንኪያ ሳይቀር ተጻፈ፤ ተፈረመበት፤ ማኅተም አረፈበት። ከጦርነቱ በኋላ ኤጄሊ ንብረታቸውን ሊረከቡ የመጡትን ባለቤቶች የአስተዳደር ወጪ ክፈሉ ብሎ መጠየቁን ሳነብ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

ያ ሁሉ ወረቀት ዘራፊውን ከሰሰው። በኅዳር 1991 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት በቲና አንሴልሚ የሚመራ ኮሚሽን አቋቋመ። አንሴልሚ በወጣትነታቸው ከፋሺስት ጋር የተዋጉ፣ በኋላም የጣሊያን የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር የሆኑ ናቸው። ኮሚሽኑ የኤጄሊን፣ የባንኮችንና የየአውራጃውን መዛግብት በርብሮ በሚያዝያ 1993 ሪፖርቱን አቀረበ። ከአንሴልሚ ኮሚሽን ቀጥሎ ሌላ አጣሪ ቡድን ተሰይሞ ነበር፤ እሱ የሚፈልገው በጥቅምት 1936 ዓ.ም. ጀርመኖች በባቡር ፉርጎ ጭነው የወሰዱትን የሮም አይሁድ ማኅበር ቤተ መጻሕፍት ነበር። እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከዚያ ቤተ መጻሕፍት የተረፈው አንድ ጠቃሚ ነገር፣ ኢሳያ ሶኔ የተባሉ ምሁር ከዘረፋው ዘጠኝ ዓመት ገደማ በፊት ከከበሩት መጻሕፍት የከፊሎቹን ስም የመዘገቡበት ዝርዝር ነው። ያን ዝርዝር የጻፈው ባለቤቱ ወገን ነው፤ ስለዚህ አጣሪዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ለኃያላኑ ባቀረበችው የጉዳት መግለጫ 760,300 ሰው መሞቱን፣ 2,000 አብያተ ክርስቲያናትና 525,000 ቤቶች መውደማቸውን፣ 6 ሚሊዮን የቀንድ ከብት፣ 7 ሚሊዮን በግና ፍየል፣ 1 ሚሊዮን ፈረስና በቅሎ፣ 700,000 ግመል መታረዱን ወይም መወሰዱን ገልጻለች። የካሣ ጥያቄዋ ወደ 185 ሚሊዮን ፓውንድ ይጠጋ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች አልንቃቸውም፤ አገሪቱ ተቃጥላ፣ የተማሩት ተገድለው፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የተሰበሰቡ ናቸው። ግን ክብ ቁጥሮች ናቸው። የቶሪኖው አይሁዳዊ ማንኪያ በመዝገብ ላይ የራሱ መስመር አለው፤ የጋይንቱ ገበሬ በሬ ከ6 ሚሊዮኑ አንዱ ነው። ዕርቁ ሲመጣ ከጣሊያን ጋር በተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ የተመደበው 25 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፤ በ1948 ዓ.ም. በተደረገው ውልም ዋናው ክፍያ ወደ ቆቃ ግድብ ዞረ።

በአንድ በኩል ግን እኛም የጠላትን ወረቀት ተጠቅመንበታል። ጣሊያኖች ሲሸነፉ ትተዋቸው የሄዱት ቴሌግራሞችና ሰርኩላሮች ተሰብስበው ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ቀርበዋል፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያም በሁለት ጥራዝ ታትመዋል፤ አንዱ የጣሊያኖቹ ትእዛዝ፣ ሌላው የኢትዮጵያውያኑ የምስክርነት ቃል። የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ በግንቦት 1929 በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱን ማስፈጀቱን በቁጥር ያስታወቀበት ቴሌግራም ራሱን አጋልጦታል። ያስታወቀው ግን ከአምስት መቶ በታች ነበር፤ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የአካባቢውን ሰው ጠይቀው ያገኙት ግምት ከ1,400 እስከ 2,000 ገደማ ይደርሳል። የገዳዩን መዝገብ ብቻ ይዞ የሚጽፍ ሰው ሺሕ ያህል ወይም ከዚያ በላይ መነኮሳትና ምእመናን ያጎድላል ማለት ነው። ስለዚህ እኔ የሮሙን ቤተ መዛግብት እንደ መነሻ እንጂ እንደ ዳኛ አላየውም።

የተዘረፈ ቅርስም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል፣ በአንቀጽ 37፣ ጣሊያን ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ ያወጣችውን የኪነ ጥበብ ሥራ፣ ንዋያተ ቅድሳት፣ የቤተ መዛግብት ሰነድና ታሪካዊ ዕቃ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳል። ውሉ የጸናው በመስከረም 1940 ነው፤ ቀነ ገደቡ በመጋቢት 1941 አለቀ። የአክሱም ሐውልት በሚያዝያ 1997 ተመለሰ። በ1920ዎቹ አዲስ አበባ የተሠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላን በጥር 2016 ተረከብናት። የተመለሱት ማንም ሊክዳቸው የማይችላቸው፣ ፎቶ ያላቸው፣ ሮም አደባባይ ወይም ሙዚየም ቆመው የነበሩ ናቸው። ከአንድ የገጠር ደብር የተወሰደ የእጅ መስቀል ወይም ድጓ ግን፣ ደብሩ ዝርዝር ካላቀረበ፣ በአንቀጽ 37 ስር የሚጠራበት ስም የለውም።

ጋይንት ሌላ ወረራ ለማየት ሰማንያ አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው የቆየችው። በነሐሴ 2013 የትግራይ ኃይሎች የጋይንትን ከተማ ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀን ያህል ያዙ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ያወጣው ሪፖርት የተደፈሩ ሴቶችን ቃል ይዟል፤ ከቤታቸው ስለ ተዘረፈው ንብረትና ስለ ተዘረፉት የጤና ተቋማትም ይናገራል። ይህ መዝገብ ከዘራፊው እጅ የመጣ አይደለም። የተጎዱት ብዙ ወራት ሳያልፉ ራሳቸው የተናገሩት ነው። ከ1928ቱ ጋር ሳነጻጽረው የማየው ትልቅ ልዩነት ይህ ነው።

የአድባራቱ ጉዳይ ግን በዚያው አለ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ9,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተቀርጸዋል፤ ሥራው የተጀመረው ግን ከአዲስ አበባና ከሸዋ ነው። ዛሬ ማይክሮፊልም አያስፈልግም። ወንጌሉ ሲገለጥ የኅዳጉን የርስት ጽሑፍ ፎቶ ማንሣት፣ የመስቀሉን ቁመት መለካት፣ የድጓውን ቅጠል መቁጠር፣ ዝርዝሩንም በደብሩ፣ በሀገረ ስብከቱና በብሔራዊው ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) በሦስት ቦታ ማስቀመጥ ለአንድ መሪጌታና ስልክ ለያዘ አንድ ዲያቆን የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ራይት ለለንደን የሠራውን ዝርዝር ሰው ሳይቀድመው የቤተ ልሔም ሊቃውንት ለራሳቸው ይሥሩት።